የመቶ ሃያ ሰዓት ማሟሻ

ጠራዡ በሕይወቱ ሙጫ ሳይደርቅ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። በማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠራ አለቃ ተቆጥቶበታል፣ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ አጉረምርሞበታል፤ እሱ ግን መጭመቂያ ውስጥ የገባን መጽሐፍ ሁለት ቀን ሳይሞላው አያወጣም። «መጽሐፍ ቂመኛ ነው» ይላል። «ብትቸኩልበት ዛሬ ዝም ይልህና ከርሞ ሰው ፊት ቅጠሉን ያራግፍብሃል።» ይህችን አባባሉን ማተሚያ ቤት ውስጥ የማያውቃት የለም። ትዕግሥቱን ያደንቁለታል፤ እሱም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ መደነቁን አይጠላም ነበር።

ከመጽሐፍ ሌላ የሚወደው ነገር ማዳመጥ ነው። ሲያዳምጥ ዜማው ብቻ አይበቃውም፤ ዘማሪዋ ትንፋሽ የሳበችበትን ቦታ፣ ከበሮ መቺው ከማን ጀርባ እንደተቀመጠ፣ ክፍሉ ሰፊ ይሁን ጠባብ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። ማን አስተማረህ ቢሉት፣ ማንም። አንድ ሰውዬ ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚያወሩ የቆዩ መጽሔቶችን ሊያስጠርዝ አምጥቶ ነበር፤ ጠራዡ የአንድ ሳምንቱን ሥራ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ይዞ አቆየና ከዳር እስከ ዳር አነበባቸው። ባለቤቱ መጥቶ ምነው ዘገየ ሲለው፣ ዓይኑን ሳይሰብር «ሙጫው ነው» አለው። ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩን ከወዳደቀ ዕቃ ፈታትቶ ገጠመ፤ የስፒከሮቹን ሳጥን ደግሞ በገዛ እጁ፣ ጠርዙ ምላጭ የማያስገባ አድርጎ ሠራ።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። እሱ ፊደል ሲቆጥር እሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ የእሷ ተራ ግን ዞሮ አልደረሰም። ዛሬም ድረስ የራሷን ስም ብታየው አታውቀውም። እትዬ ይላታል። እሷ ግን ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ እንኳ «አንተ ልጅ» ማለቷን አልተወችም።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወር ሁለት ወር መንገድ ላይ የሚከርም። ደብዳቤ እንዳይጽፍላት ማንበብ አትችልም። ጎረቤት እንዳያነብላት፣ ባልና ሚስት የሚባባሉት ነገር በጎረቤት አፍ ሲወጣ ምን ሊመስል ነው? ስለዚህ ድምፁን በካሴት እየቀዳ በሹፌር ጓደኞቹ ይልክላታል፤ እሷም በዚያው ካሴት ላይ የእሱን አጥፍታ መልሷን ትቀዳለች፤ እሱም እንደገና የእሷን አጥፍቶ ይልካል። ዓመታትን ሙሉ የተመላለሰው አንድ ካሴት ነበር። በመጨረሻ ካሴቱ ደረሰና ሰውየው ሳይደርስ ቀረ። መኪናው ገደል ገባ። ከእሱ የቀራት ድምፅ ያ የመጨረሻው ጎን ብቻ ነው፤ አርባ ደቂቃ። ቴፑ ካሴቱን መብላት እስኪጀምር ድረስ በዓመት አንዴ ሁለቴ ታዳምጠው ነበር። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪም ቤት ነው። ግራ ጆሮዋ ከሄደ ቆይቷል። ሐኪሙ ቀኙን ለረጅም ጊዜ ሲመረምር ቆየና ይሄኛውም በመንገድ ላይ መሆኑን ነገራቸው። የሚሞተው ነርቩ ነው፤ መድኃኒት አያድነው፣ መሣሪያ አያግዘው። መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ወርም ላይሞላ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ማታ እየሰማ ይተኛና ጠዋት ሳይሰማ ይነሣል። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሳብ አደረገና «እናቴ፣ ሊሰሙት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይስሙት» አላት።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ሊወርዱ ሲሉ እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ያንን ሰውዬ አንድ ጊዜ በደንብ ልስማው። ከዚያ ቢደፈንም ይደፈን» አለችው።

እሷ በደንብ ስትል ልቧ እስኪጠግብ፣ ማንም ሳያቋርጣት ማለቷ ነበር። ጠራዡ ግን በደንብ የምትለዋን ቃል ይዞ ወረደ። በደንብ ማለት ለእሱ ሌላ ነገር ነው። በደንብ ማለት ሹፌሩ ደረቱ ውስጥ ያለው ጉርምርምታ ሳይቀር፣ ከንፈሩን ሲያላቅቅ እስኪሰማ፣ ሳሎናቸው መሃል የቆመ እስኪመስል ድረስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ።

በማግሥቱ ካሴቱን ይዞ የሄደው ጆሮ የሚሉት የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ሰውየው ይህ ስም የወጣለት አንድን መሣሪያ ሳይከፍት፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሕመሙን ስለሚያውቅ ነው። ጆሮ ካሴቱን በጥንቃቄ ወደ ዲስክ ገለበጠለት። ጠራዡ ግን እዚያው ልስማው አላለም፤ በዚያች በተሰነጠቀች የሱቅ ስፒከር ሰውየውን መስማት ድፍረት መሰለው። እንዲያውም በስፒከሮቹ ውስጥ ያለውን አሮጌ ኮን አውጥቶ፣ ያንን እየተርገበገበ ድምፅ የሚሆነውን ክብ ወረቀት ማለት ነው፣ አዲስ ሊያስገባበት ወሰነ። ለዓመታት ሲመኘው የኖረ ነገር ነው፤ አሁን ምክንያት አገኘ።

ጆሮ አዲሶቹን ኮኖች ሲሰጠው አንድ ሌላ ዲስክ ጨመረለት። አዲስ ስፒከር እንደ አዲስ ጫማ ነው አለው። ወረቀቱ ግትር ነው፣ ዳር ዳሩን የያዘው ላስቲክ አልተፍታታም፤ እንዲህ እንዳለ ሰው ቢያናግሩበት የሰውየው ድምፅ ይኮማተራል። ይሄ ዲስክ ግን ዘፈን የለበትም። ሹውው የሚል አለ፣ የሚያጉረመርም አለ፣ ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት አለ። መቶ ሃያ ሰዓት ሲያስጮኹት ኮኑ ይላላል፣ ይገራል። በርን ኢን ነው የሚባለው አለ ጆሮ። ጠራዡ ትንሽ አሰበና «ማሟሻ በለኛ» አለው። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም፤ ዘማሪም ጉሮሮውን ሳያሟሽ አይዘምርም። ቃሉን በማግኘቱ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ።

አሠራሩንም ጆሮ ነገረው፤ ሁለቱ ሳጥኖች ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር ተራርቀው ይተያያሉ። ከዚያ ከአንደኛው ሳጥን ጀርባ ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ አዛውሮ መግጠም ነው። ያኔ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ የሁለቱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ጫጫታው ቤቱን አያስለቅቅም። በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ይጣልበታል። ጆሮ ይህንን የመከረው ለእህቱ ብሎ ነበር፤ ቤት የምትውል ሰው ናት፣ ለምን ትረበሽ። ስትጨርስ ግን ሽቦውን ወደ ቦታው መልሰው አለው።

ጠራዡ ሥራውን እንደ ልማዱ ሠራው። ሽቦዎቹን አዛውሮ ገጠመ፤ ከዚያ ተንጠልጥለው ዓይን እንዳያስቀይሙ በጥራዝ ክር አሰራቸው፣ በሳጥኑ ጀርባ አስጠግቶ በጨርቅ ፕላስተር ለበጣቸው። ማንም ቢያየው እንዲህ መሆን የነበረበት ይመስለዋል።

ማታ አያስጮኸውም፤ ግድግዳው የጋራ ነው፣ እሱም የሚጸልይበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በቀን አሥር አሥር ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት እሱ የሚውለው ሥራ ላይ ነው። ከዲስኩ ጋር የምትውለው እህቱ ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንድታስነሣው ከግራ ሦስተኛዋን ቁልፍ አሳያት። ጥልፏን ይዛ ሳሎን ትቀመጣለች፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ያ ነገር ያጉረመርማል፤ መብራት ሲቋረጥ ተነሥታ ታስነሣዋለች። የባሏ ዲስክ እዚያው ከአምፕሊፋየሩ በላይ መደርደሪያው ላይ፣ በነጭ ፖስታ ውስጥ ነበር።

ማታ ሲገባ ስለ ጫጫታው ታወራዋለች፤ ቀልድ ታውቅበታለች። አንድ ቀን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ይመስላል አለችው። ሌላ ቀን የአንድ ዘመዳቸውን ኩርፊያ ይመስላል አለች፤ ምን እንዳስቀየመው ሳይናገር ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ የሚውለውን። በአራተኛው ቀን ግን ጥልፏን ጭኗ ላይ አኑራ፣ አንድ ጊዜ አስቁሞ ሰውየውን እንዲያሰማት ጠየቀችው። ትንሽ ብቻ፤ መግቢያውን።

ሥራው ከተቋረጠ ልፋቱ ከንቱ እንደሚሆን አስረዳት። ከንቱ እንደሚሆን ማንም አልነገረውም ነበር፤ ግን አፉ ላይ መጣለት። በመጨረሻም የሚያውቀውን ተናገረ። «እትዬ፣ ሙጫው አልደረቀም።»

«እኔ እኮ መጽሐፍ አይደለሁም» አለችው እየሳቀች። ጥልፏን መልሳ አነሣች፤ መርፌዋን ከሰካች በኋላ ነው የቀረውን የተናገረችው። «ቆይ ቆይ የሚባለው ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ አንተ ልጅ።»

ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚሣለቅበት ቆራጩ ነበር፤ ትልቁን የወረቀት መቁረጫ የሚሠራው፣ ምላሱም ከምላጩ የማይተናነሰው ሰው። ነገሩን የሰማ ዕለት ዞር ዞር ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ፣ ስፒከር ጡት የሚያስጥል ሰው እንዳየ አወራ። ከዚያ ወደ ጠራዡ ጠረጴዛ መጥቶ ምክር በሚመስል ድምፅ፣ የሚሟሸው ስፒከሩ ሳይሆን ጆሮው እንደሆነ ነገረው፤ መቶ ሃያ ሰዓት ጫጫታ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ድመት ቢያለቅስለትም ዜማ ይመስለዋል። ሰዎች ሳቁ። ጠራዡም ፈገግ አለ፤ የሰው ቀልድ የሚችል ሰው ነው። እህቱ ጊዜ እንደሌላት ግን ለማንም አልተናገረም።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት ሲገባ ጀበናው ማንደጃው ላይ ውኃው አልቆ ይንጫረራል፤ እህቱ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣ ትጠልፋለች። ሲያነሣው ነው ያየችው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እራት ላይ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ደገመላት። በዚያች ማታ ዲስኩን ማውጣት ይችል ነበር፤ እጁም እስከ መሣሪያው ደርሶ ነበር። ግን ዘጠና ሰዓት ተሠርቷል፣ የቀረው ሠላሳ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጭመቂያ የሚፈታ ጠራዥ አለ? ተንበርክኮ ሦስት ቀን ብቻ እንዲጨምርላት ለመነ። የኖረበት ጸሎት ይሁን ይሁን የሚል ነበር፤ በዚያች ማታ ግን ከፈጣሪው ጋር በሰዓት ተደራደረ።

ሦስቱ ቀኖች ተሰጡት። መስጠቱንስ ሰጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን አነሣ። ሳጥኖቹን አዙሮ በቦታቸው አቆማቸው፤ ሽቦው እንደታሠረ፣ እንደተለበጠ አብሮ ዞረ። ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ወንበሩ ከቀኙ ሳጥን ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ከግራውም ሁለት ሜትር ከአሥር እስኪሆን ድረስ ገፋው፣ ሳበው፤ በመጨረሻ የወንበሩን አራት እግር በእርሳስ ወለሉ ላይ ከበበ። እህቱ ልብሷን ለውጣ፣ ሻሿን አስተካክላ መጣች፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው ትመስላለች። ክቡ ውስጥ አስቀመጣትና ከኋላዋ ቆሞ አስነሣው።

«ሄሎ፣ ሄሎ። እየዞረ ነው መሰለኝ። ቀጭኗ፣ እንደምን ሰነበትሽ።»

ቃላቱ ወጥተዋል። ሰውየው ግን አልነበረም። ያ ከደረት የሚነሣ ወፍራም ድምፅ ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ቀርቷል፤ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም፤ ከግድግዳው ኋላ ይመስላል፣ ከጣሪያው ይመስላል፣ ከሰው አፍ ብቻ አይመስልም። ጠራዡም ሰማው። ካሴቱ አርጅቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሌላም ነገር ሊያስብ ነበር፤ ግን እህቱን አያት። ቀኝ ጆሮዋን ወደ ፊት ሰጥታ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ የሩቅ ሰው የሚጠራት ይመስል ትጠብቃለች። ድምፁ ስለ ኋላ ጎማ አወራ፣ ስለ ድልድይ አወራ፣ አንድ ጊዜም ሳቀ። ሳቁ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከፈተችው።

«ይሄ እሱ አይደለም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አይ፣ እሱማ ነው። ጆሮዬ ነው። ሄዷል ማለት ነው።»

መናገር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። የእኔም ጆሮ እንዲሁ ነው የሚሰማው ቢላት ኖሮ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ነገሩ ሁሉ በዚያው በተፈታ። ግን አሥራ ሁለት ቀን አለ፣ ሜትሩ አለ፣ በእጁ የሠራው ሳጥን አለ። ጥፋቱን ራሷ ላይ ስታደርገው፣ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለው። ቀለል ማለቱን ራሱ አወቀው። ዝም አለ።

ዲስኩ ሳያልቅ ተነሣች። በግራው ሳጥን አጠገብ ወደ ጓዳ ስታልፍ እንደ መደናቀፍ አለች፤ ራሷንም ወደ ሳጥኑ ዘንበል አደረገች። «እዚህ ጋ ስደርስ የመጣ መሰለኝ» አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ትዝታ ነው። ተወው፣ አጥፋው።»

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ የማሟሻውን ዲስክ ሊመልስ ጆሮ ዘንድ ሄደ። ጆሮ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ ሽቦውን መልሶ ሲያዳምጠው ልዩነት አለው ወይ ብሎ ጠየቀው። ጠራዡ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በጣም እንጂ» አለ፤ አመስግኖም ወጣ። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም።

ፕላስተሩን ገነጠለው፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ቀዩ ጥቁሩ ላይ ነበር። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው፤ ያነበባቸው መጽሔቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገሩት። አንዱ እየገፋ ሌላው እየሳበ የሰውየውን ድምፅ ሁለቱ ተከፋፍለው በሉት። ድምፁ ከሁሉ የባሰ የሚጠፋው ደግሞ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ወንበሩን እንደ ነገሩ ወርውሮላት ቢሆን፣ ወይም በሩ ላይ ቆማ ብትሰማ፣ ከሰውየው ትንሽ ይደርሳት ነበር። በሳጥኑ አጠገብ ስታልፍ የሰማችው ባሏን ነው። የቀማት ሜትሩ ነው።

ሽቦውን መልሶ ገጠመና ከፈተው። ሹፌሩ ሳሎን መሃል ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከንፈሩን አላቀቀ፣ ቀጭኗ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ያለ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ጠራዡ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከመሣሪያ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ።

እህቱ ጓዳ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። በዚያች ጠዋት በር ላይ ሁለቴ ሲጠራት አቤት ብላዋለች፤ ጥቂት ጆሮ ነበራት። ሮጦ ገባና በቀኟ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ አሁን ተስተካክሏል፣ አሁን በደንብ ተሟሽቷል አላት። ያጣጠፈችውን ልብስ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«አንድ ጊዜ ቀበርኩት» አለች። «ቅዳሜ ደግሞ ቀበርኩት። ስንት ጊዜ ነው የምታስቀብረኝ?»

«ዛሬ ልዩ ነው፣ እትዬ። እመኚኝ።»

«ልዩነቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ማሽንህ ምን አጠፋ? ልፋትህን አይቼዋለሁ።» ጉንጩን መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ልጅነቱ። «በቃኝ። ተቀብዬዋለሁ፤ አታናጋብኝ።»

ሦስት ቃላት ይበቁት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ብትሰማቸው ትነሣ ነበር፤ ቅዳሜ ያረፈችበት እምነት ውሸት መሆኑን ብታውቅ ምናልባት ትቆጣው፣ ምናልባት ትሰድበው፣ ግን ትነሣ ነበር። ሊናገራቸውም ነበር። ግን እንዲህ በሩጫ፣ ልብስ በእጇ ይዛ፣ ዓይኑ እንዳበጠ? እንዲህ ያለ ነገር ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። አስቀድሞ ይጸልይበታል፣ እንዴት እንደሚጀምር ያስብበታል፤ ቅዳሜ የሁለቱም ልብ ሲረጋ አስቀምጦ ይነግራታል፣ ከዚያ ያሰማታል። እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን ብቻ ነው። ራሱን እንዲህ አሳመነ፤ ትዕግሥተኛ ሰው ራሱን ለማሳመን ምን ጊዜ ይፈጅበታል።

ማክሰኞም ረቡዕም መጀመሪያውን ሲያበጃጅ ዋለ። አንዱን ጥሎ ሌላ ያነሣል። ቆራጩ እንኳ ዝምታውን አይቶ ቀልዱን ተወው፤ ሙጫውንም ጠረጴዛው ላይ ደርቆ አገኘው።

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጠራት። ደግሞ ጠራት። ከዚያ ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታይ ነበር። ሲነካት ደነገጠች። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ በጣቷ ወደ ጆሮዋ አመለከተች፤ እጇንም ገለበጠችው፤ ባዶ ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው።

ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ፣ ጠራዡ ያ የአሥራ ሁለት ቀን ጫጫታ ጎድቷት እንደሆነ ጠየቀው። ሐኪሙ አይደለም አለው። ምንም አላደረገም፤ ነርቩ ቀኑን ጠብቆ ነው የሄደው። ለጠራዡ ጫጫታው ጎድቷት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ለአንዱ ጥፋት ሐኪም ይመሰክርበት ነበር። ሐኪሙ የሚነግሯት ነገር ሲኖር እንዲጽፉላት መከረ። ጠራዡ አንገቱን ደፋ። እሱን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ፊደሉ እንዳለፋት ለሐኪም ምን ብሎ ይነግረዋል።

ቅዳሜ መጣ። ያሰበው ቀን ነውና፣ ያሰበውን አደረገ። ፊት ለፊቷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ነገራት። ሁሉንም፣ ከሽቦው እስከ ሜትሩ፣ እስከዚያች ዝም ያለባት ቅጽበት ድረስ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያበጃጅ የሰነበተው አነጋገር አንድም ሳይጎድል ወጣ። እሷ ከንፈሩን ታያለች፤ ቅንድቧን ሰብስባ ለመያዝ ትሞክራለች። የማይያዝ ሲሆን ተነሥቶ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አመጣ፤ በፊቷ አንዱን በአንዱ ላይ አመሳቀለው፣ ደረቱንም መታ፣ እኔ ነኝ ለማለት። ሽቦውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ተበላሸብህ?» አለች። ድምፅዋን መመጠን አልቻለችም፤ ለቤቱ ጮኸባት። «ተወው፣ አትድከም። ለማን ብለህ ትጠግነዋለህ?»

ያን ጊዜ ነው እንባው ያመለጠው። በጥልፉ ጨርቅ ጠረገችለት፤ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው፤ የራሷም ዓይን ሞልቶ ነበር።

«አውቄያለሁ» አለችው። «የምታለቅስበትን አውቄዋለሁ። እንደዚያ ለፍተህ አሥራ ሁለት ቀን ጠብቀህ፣ ጆሮዬ አሳፈረህ። ያለፈው ቅዳሜ ጥሩ ነው ብዬ ብዋሽህ ምን ነበረበት? ይቅር በለኝ።»

አይደለም ለማለት ራሱን ወዘወዘ። ደግሞ ወዘወዘ፣ በኃይል። ፊቷ ተለወጠ። እጇን ከአገጩ አወረደች። «ይቅር አትለኝም?» አለች እንደ ሕፃን፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ጠራዡ ሌላ የሚያሳያት ነገር አልነበረውም። ራሱን ወደ ታች፣ ወደ ላይ ነቀነቀ። ይቅር አላት። እሷም ተመስገን አለች፤ ግንባሩን ሳመችውና ጥልፏን አነሣች።